የባለሙያ ምላሽ፦ ጎሪላና ቺምፓንዚን ከበሽታ መጠበቅ ለምን ከሰው ይጀምራል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። የዱር ጎሪላዎችና ቺምፓንዚዎች በእኛ ጉንፋን ይሞታሉ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ለምን ከትበናቸው አንገላገልም? ማንም ሳይነካቸውስ በምን እንደታመሙ እንዴት ይታወቃል? በመካነ እንስሳት ያሉት ከዱሮቹ የተሻለ ጤና አላቸው? እኔስ ወደዚህ ሥራ መግባት ብፈልግ ከየት ልጀምር?»

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። አንድ ጥያቄ ብለሽ አምስት ነው የጠየቅሽኝ። ሁሉም የተያያዙ ስለሆኑ ግን አብሬ እመልሳቸዋለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ጎሪላ፣ ቺምፓንዚ፣ ቦኖቦና ኦራንጉታንን አንድ ላይ ስጠራ ደግሞ ኤፖች እላለሁ።

የመጀመሪያው አጭር መልስ አለው። አዎ፣ ይሞታሉ።

ምዕራብ ኡጋንዳ ውስጥ ኪባሌ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። እዚያ ካንያዋራ የተባለ የቺምፓንዚ መንጋ ለረጅም ዓመታት ሲጠና ቆይቷል። እያንዳንዱ ቺምፓንዚ ስም አለው፣ እናቱም ትታወቃለች። በ2013 መንጋው ማሳል ጀመረ። ከ56ቱ 5ቱ ሞቱ። ከሟቾቹ አንዷ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ሬሳዋ በጊዜ ስለተገኘ ተመረመረ። ሳንባዋ ውስጥ የተገኘው ራይኖቫይረስ ሲ ነበር። ይህ ቫይረስ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ንፍጥና ሳል አስከትሎ በሳምንቱ የሚለቅ ነው።

ነገሩን የሚያብራራ አንድ ግኝት አለ። ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባው በአንድ ፕሮቲን በኩል ነው። ይህ ፕሮቲን ሰው ላይ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዓይነት ያላቸው ሕፃናት በዚህ ቫይረስ ክፉኛ ይታመማሉ፣ አስምም ይበዛባቸዋል። የተመረመሩት ቺምፓንዚዎች በሙሉ የያዙት ይህንን ለበሽታ የሚያጋልጠውን ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ሌላኛውን ዓይነት የያዘ አንድም አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ እዚያው ኪባሌ ውስጥ የባሰ መጣ። ከ2016 መጨረሻ እስከ 2017 መጀመሪያ ባሉት ወራት ንጎጎ ከተባለው መንጋ 25 ቺምፓንዚዎች አለቁ። በዚያው ሰሞን ጎረቤቶቻቸው ካንያዋራዎችም ያስሉ ነበር። አንድ ወረርሽኝ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነበር። ናሙናው ሲመረመር ግን ንጎጎዎቹን የፈጀው ሜታኒሞቫይረስ፣ ካንያዋራዎቹን ያሳመመው ደግሞ ፓራኢንፍሉዌንዛ 3 ሆኖ አረፈው። ሁለቱም የሰው ቫይረሶች ናቸው። በአንድ ጫካና በአንድ ወቅት ሁለት የተለያዩ ቫይረሶች ገብተዋል። ሰው አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ አስገብቷል ማለት ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የሟቾቹ ቁጥር ብቻ አይደለም፣ ይህ ነገር በአጋጣሚ አንዴ የሚከሰት አለመሆኑ ነው።

ኮትዲቯር ውስጥ በታይ ብሔራዊ ፓርክም ከ1999 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት ተደጋጋሚ የሳል ወረርሽኝ ነበር። ከሬሳዎቹ የተወሰደው ናሙና ተመርምሮ ውጤቱ በ2008 ሲወጣ የሰው ቫይረሶች መሆናቸው በማያጠራጥር ሁኔታ ታወቀ። እዚያ ሌላም ነገር ታየ። ብዙ ጊዜ ቫይረሱ ብቻውን አይገድልም። እሱ መንገዱን ይጠርጋል፣ ከኋላው የሳንባ ምች የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ይገባል። ይህን ልብ በይው፣ ወደ ኋላ ሕክምናው ላይ ያስፈልገናል።

ሞቱ ለምን ከባድ ይሆናል ብትይ፣ ኤፖች ቶሎ አይተኩም። ቺምፓንዚ በአምስት ስድስት ዓመት አንዴ ነው የምትወልደው። ኦራንጉታን ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት ትቆያለች። እናት ከሞተች ጡት ያልጣለ ልጇም አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። አንድ የሳል ወቅት የወሰደውን ለመመለስ አሥርና ሃያ ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ታዲያ ማን ነው የሚያስተላልፈው? ሰው ቶሎ ጣቱን ቱሪስት ላይ ይቀስራል። ቱሪስቱ ንጹህ ነው አልልም። ኪባሌ ዙሪያ በተደረገው ክትትል የታየው ግን ሌላ መስመር ነው። ቺምፓንዚዎቹን የሚያሳምሙት ዓይነት ቫይረሶች በአካባቢው ሕፃናት ላይ በብዛት ይዞራሉ። ሕፃኑ ያስላል፣ ያነጥሳል። አባቱ ወይም እናቱ ቫይረሱን ይወስዳሉ፣ ግን ምንም አይሰማቸውም። ጠዋት ደህና ነኝ ብለው ወደ ጫካ ሥራቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ «የታመመ አይግባ» የሚለው ደንብ ጥሩ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ያልታመመውም ይዞ ይገባል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፣ ሳይነኩ ወደ መመርመሩ።

ቺምፓንዚ ማታ ማታ ዛፍ ላይ ቅርንጫፍ አጥፎ መኝታውን ያነጥፋል። ጠዋት እንደነቃ ከዚያው ከላይ ሆኖ ይሸናል። ናሙና ሰብሳቢው ያቺን ሰዓት ማወቅ አለበት። ጎህ ሳይቀድ ከዛፉ ሥር ይደርሳል። ጫፉ ባላ በሆነ ረጅም እንጨት ላይ ፕላስቲክ ወጥሮ ሽንቱ ሲወርድ ከሥር ይዘረጋል። ካመለጠው ቅጠል ላይ የቀረውን ጠብታ በፒፔት ይለቅማል። ጥቂት ሚሊ ሊትር ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ፊቱን ወዴት ማዞር እንዳለበት ነው፣ ሌላው ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።

ያቺ ጠብታ ብዙ ታወራለች። ክሊኒክ ውስጥ የምታውቂውን የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ብትነክሪባት ደም፣ ፕሮቲንና ስኳር መኖር አለመኖሩን ታያለሽ። የተረፈውን ቀዝቃዛ ቦታ አቆይተሽ ላቦራቶሪ ብትልኪው ኒዮፕቴሪን ይለካልሻል። ኒዮፕቴሪን የሰውነት መከላከያ ሲነቃ የሚጨምር ንጥረ ነገር ነው። መንጋው ገና ሳያስል ውስጡ እየተዋጋ መሆኑን ሊጠቁም ይችላል።

ሰገራም እንዲሁ ሀብት ነው። መሬትና ቅጠል ያልነካው የውስጠኛው ክፍል በማንኪያ ይወሰዳል፣ የቫይረሱን የዘር ቅንጣት ከመበስበስ የሚጠብቅ ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ ይገባል። ከእሱ የትላትል እንቁላል፣ ቫይረስ፣ ባክቴሪያ ይፈለጋል። ሰገራው የማን እንደሆነ እንኳን በዲኤንኤ ይለያል። ኤችአይቪ-1 የመጣው ከደቡብ ምሥራቅ ካሜሩን ቺምፓንዚዎች ቫይረስ መሆኑ በ2006 የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ፋልሲፓረም የተባለው ክፉው የወባ ዓይነት መነሻው ጎሪላ መሆኑም በ2010 የታየው በሰገራ ነው። አንድም መርፌ ሳይወጋ፣ አንድም እንስሳ ሳይደነዝዝ። ቺምፓንዚ ፍሬ አኝኮ ጭማቂውን መጦ የሚተፋው ገለባም አይጣልም፣ ምራቅ አለበት።

ከሁሉም በፊት ግን ዓይንና ማስታወሻ ይቀድማል። በየቀኑ ማን አሳለ፣ የማን አፍንጫ ፈሰሰ፣ ማን ወደ ኋላ ቀረ፣ የማን ሰገራ ቀጠነ ተብሎ ይመዘገባል። ምንም ባልታየበት ቀንም «ምንም የለም» ተብሎ መጻፍ አለበት። ተማሪዎቼ ይህን ይሰለቹታል። ነገር ግን ጤነኛ መንጋ በቀን ስንቴ እንደሚያስል ካላወቅሽ፣ ወረርሽኙ ሲጀምር የምታወዳድሪበት ነገር የለሽም።

ሬሳ ሲገኝ ሥራው ሌላ መልክ ይይዛል። በሞቃት ጫካ ሬሳ ቶሎ ይጠፋል፣ አብዛኛውም ከነጭራሹ አይገኝም። ስለዚህ ታይ ላይ ብልሃት ተገኘ። ዝንብ! የሬሳ ዝንብ ሆዷ ውስጥ የበላችውን እንስሳ ዲኤንኤ ይዛ ትዞራለች፣ የገደለውን ተህዋሲም ጭምር። ዝንቦቹን በወጥመድ ይዞ መመርመር ማንም ያላየውን ሬሳ የመመርመር ያህል ነው።

ይህ ዘዴ ከረዳባቸው በሽታዎች አንዱ አባ ሰንጋ ነው። በ2001 እና 2002 ታይ ውስጥ ደህና ይመስሉ የነበሩ ቺምፓንዚዎች በሰዓታት ውስጥ ሞተው ይገኙ ጀመር። ሲመረመር አባ ሰንጋ ሆነ። ያውም የከብቱ ሳይሆን የእሱ ዘመድ የሆነ፣ የአባ ሰንጋን መርዝ የሚያመርት ሌላ ባክቴሪያ። በ2017 የወጣው ጥናት የ26 ዓመት ናሙና አገላብጦ አየው። በፓርኩ ሞተው ከተመረመሩት እንስሳት ውስጥ 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑትን የገደለው ይኸው ተህዋሲ ነበር። ለአባ ሰንጋ ጥፋተኛ ሰው የለም። ጫካው ራሱ የያዘው በሽታ ነው። ሥጋ ደዌም ጊኒ ቢሳው ውስጥ በካንታንሄዝና ታይ ውስጥ በዱር ቺምፓንዚዎች ላይ መገኘቱ በ2021 ታትሟል። የባክቴሪያው ዝርያዎች ሰው ላይ እምብዛም የማይታዩ ስለሆኑ ከሰው በቅርቡ ተላልፏል ብሎ ለመናገር አያስደፍርም። ይህን የምነግርሽ ሁሉንም በሽታ በሰው እንዳታሳብቢ ነው። መረጃው የሚለውን ማለት ነው።

ሬሳ ስትከፍቺ ደግሞ ራስሽን ጠብቂ። በ1994 ታይ ውስጥ የሞተ ቺምፓንዚ የመረመረች ተመራማሪ በኢቦላ ተይዛለች። ደግነቱ ዳነች። ቫይረሱ እስከዚያ የማይታወቅ የኢቦላ ዘመድ ነበር፣ ዛሬ በዚያው ጫካ ስም ይጠራል። ከዚያ በኋላ ያለ ሙሉ መከላከያ ልብስ፣ ያለ ድርብ ጓንትና ያለ ዓይን መሸፈኛ ሬሳ መንካት ጀግንነት ሳይሆን ቂልነት ነው።

ወደ ክትባቱ ልግባ። ሐሳብሽ አዲስ አይደለም፣ ተሞክሯል። በ1966 ታንዛኒያ ጎምቤ ውስጥ ፖሊዮ የሚመስል ሽባነት ቺምፓንዚዎቹን ሲመታ፣ የሚዋጠው የፖሊዮ ክትባት በሙዝ ውስጥ ተደርጎ ተሰጣቸው። በ1988 ደግሞ ሩዋንዳ ውስጥ ኩፍኝ ነው ተብሎ የተጠረጠረ በሽታ 6 ሴት የተራራ ጎሪላዎችን ገደለ። 65 ጎሪላዎች ከርቀት በሚተኮስ መርፌ የኩፍኝ ክትባት ተሰጣቸው። ወረርሽኙም ቆመ።

ታዲያ ለምን አይቀጥልም? አንደኛ፣ ዋነኞቹ ገዳዮች ክትባት የላቸውም። ራይኖቫይረስ ከ150 በላይ ዓይነት አለው፣ ለሰውም ክትባት አልተገኘለትም። ሁለተኛ፣ የሚተኮስ መርፌ ለመጠቀም ጥቂት ሜትር መቅረብ ያስፈልጋል። ሰው የለመዱ ኤፖች ከጠቅላላው ቁጥር ኢምንት ናቸው። የቀሩት ገና ድምፅሽን ሲሰሙ ይሰወራሉ። በዚያ ላይ አንዳንዱ ክትባት ይደገም ይላል። አንዴ የተወጋ ጎሪላ ደግሞ የወጋውን ሰው አይረሳም። ሁለተኛ ስትመጪ ሰላምታው ሌላ ነው።

ኢቦላ ላይ ግን ነገሩ የምር ይከብዳል። በኮንጎ ሪፐብሊክ ሎሲ በተባለው ጥብቅ ሥፍራ በ2002 እና 2003 ወረርሽኝ ገባ። በመልክ ከሚታወቁት ጎሪላዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ጠፉ። በ2006 የወጣ ግምት በአካባቢው የሞቱትን 5000 ገደማ አድርሷቸዋል። እዚህ ላይ ማስክና ርቀት ዋጋ የለውም፣ ቫይረሱ በጫካው ውስጥ ያለ ነው። ክትባት የግድ ይመስላል። ተሞክሮም ነበር። በሰው እጅ ባሉ ቺምፓንዚዎች ላይ ከ2014 ወዲህ የታተሙ ሙከራዎች ክትባቱ እንደማይጎዳቸውና ሰውነታቸው መከላከያ እንደሚያመርት አሳይተዋል። አንዱ ሙከራ በአፍ የሚሰጥ ክትባት ነበር። ለዱር የሚሆነውም እሱ ነው፣ በምግብ ውስጥ ይሰጣል። ነገር ግን አሜሪካ በ2015 በሰው እጅ ያሉትንም ቺምፓንዚዎች ለመጥፋት ከተቃረቡት ጎራ ስትመድባቸው ምርምሩ ተቋረጠ።

እኔ በዚህ ጉዳይ ሁለት ልብ ነኝ። ቺምፓንዚን ለሰው መድኃኒት መሞከሪያ ማድረግ መቅረቱ ተገቢ ነው፣ እንዲያውም ዘግይቷል። ለራሳቸው የሚሆን ክትባት መሞከርም አብሮ መዘጋቱ ግን ያንገበግበኛል። ሙከራው መቀጠል የለበትም የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፣ ክርክራችን እስካሁን አልተቋጨም።

ለሳል ግን አቋሜ ግልጽ ነው። ጎሪላውን ከመክተብ የፓርኩን ጠባቂና ልጆቹን መክተብ ይቀላል፣ ይረክሳል፣ ያዋጣልም። የጠባቂው ልጅ ኩፍኝና ኢንፍሉዌንዛ ከተከተበ ተጠቃሚዎቹ ሁለት ናቸው። ኡጋንዳ ብዊንዲ ላይ የሆነውን እዪ። በ1996 ጎሪላዎች እከክ ያዛቸው። ጸጉራቸው ረገፈ፣ ቆዳቸው ቆሰለ፣ አንድ ግልገል ሞተ፣ የቀሩት አይቨርሜክቲን በተባለው የጥገኛ ተህዋስያን መድኃኒት ዳኑ። ጎሪላዎቹ ከጫካ ወጥተው የሰው ማሳ ይገቡ ነበር። ማሳው ውስጥ ወፍ ማስፈራሪያው አሮጌ የሰው ልብስ ለብሶ ቆሟል። ተጠርጣሪው እሱ ነው። ያኔ ያከመቻቸው የእንስሳት ሐኪም ግላዲስ ካለማ-ዚኩሶካ በ2003 የመሠረተችው ድርጅት የሚሠራው ጎሪላው ላይ ብቻ አይደለም፣ መንደሩ ላይም ነው። ሳል የቆየበት ሰው ቲቢ ይመረመራል፣ ስለ ንጽሕና ይሰበካል። በእኔ ግምት በዚህ ሙያ ከታሰቡት ሐሳቦች ሁሉ የላቀው ይህ ነው።

የጎብኚው ደንብም ከዚሁ ይመነጫል። ከተራራ ጎሪላ ጋር የሚፈቀደው አንድ ሰዓት ነው፣ በአንድ ጊዜ ከስምንት ሰው አይበልጥም። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ አይገባም። ርቀቱ ለዓመታት 7 ሜትር ነበር፣ ከኮቪድ በኋላ ወደ 10 ከፍ ብሏል፣ ማስክም ግዴታ ሆነ። ጥናት ለሚያካሂድ ከውጭ የመጣ ሰው ደግሞ ወደ ጫካ ከመግባቱ በፊት የአንድ ሳምንት ያህል ተለይቶ መቆየት ይመከራል። ወረቀት ላይ ሁሉም ያምራል። ችግሩ ስልክ ነው። ሰዎች ኢንስታግራም ላይ ከለጠፏቸው የጎሪላ ጉብኝት ፎቶዎች ብዙዎቹ ከአራት ሜትር በታች የተነሱ መሆናቸው ተጠንቶ ታትሟል። ግልገል ጎሪላ ሲጠጋሽ ወደ ኋላ መሸሽ አለብሽ፣ እሱ ደንቡን አላነበበም። ይህን የሚያደርግ ጎብኚ ግን ብርቅ ነው። ሁሉም «ፎቶ ብቻ!» ይላል።

ታዲያ ለምን ከነጭራሹ አንተዋቸውም? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቀኛል። መልሱ ታይ ላይ ይገኛል። ተመራማሪና ጎብኚ በሚዘዋወርበት የፓርኩ ክፍል አዳኝ ደፍሮ አይገባም፣ የቺምፓንዚ ቁጥርም ከሌላው የተሻለ ነው። ማለትም የእኛ መኖር በሳል ይገድላል፣ አለመኖራችን በጥይትና በወጥመድ። እንኑር፣ ግን ማስክ አድርገን።

ከታመሙ በኋላ ማከምስ? የተራራ ጎሪላ ላይ ይቻላል፣ ይደረጋልም። ዛሬ ጎሪላ ዶክተርስ የሚባለው ቡድን ሥራውን የጀመረው በ1986 ነው። መርሁ ቀላል ነው፦ በሽታው ወይም ጉዳቱ ከሰው የመጣ ከሆነ ወይም ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ይገባሉ፣ አለበለዚያ ተፈጥሮ ሥራዋን ትሥራ ይላሉ። በ2009 ሩዋንዳ ውስጥ ሂርዋ የተባለው ቤተሰብ በሙሉ ማለት ይቻላል ሲያስል አንዲት ትልቅ ሴትና አንድ አራስ ሞቱ። ገዳዩ የሰው ሜታኒሞቫይረስ ነበር። አንዳንዶቹን በአንቲባዮቲክ አከሟቸው። ቫይረስ ላይ አንቲባዮቲክ ምን ይሠራል እንዳትይ! ቅድም ያልኩሽን ስትሬፕቶኮከስ አስታውሺ፣ መድኃኒቱ የሚሄደው ተከትሎ ለሚገባው ባክቴሪያ ነው።

አሠራሩን ብታዪው ትደነቂያለሽ። ሐኪሙ መርፌውን ልብሱ ሥር ደብቆ እንደ ተራ ጎብኚ ይቀመጣል። ታማሚው ጀርባውን ወይም ጭኑን እስኪያዞር ይጠብቃል። መሪው ወንድ እያየ ከሆነ ሌላ ቀን ነው። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ መርፌው ራሱ ይወድቃል፣ ጎሪላው ዘወር ብሎ ያየዋል፣ አንዳንዴም አንስቶ ያሸተዋል። ከዚያ መርፌውን ሳያገኙ መመለስ የለም፣ ግልገሎች እንዲጫወቱበት አይተዉትም። እንዲህ ባለ ክትትልና ጥበቃ የተራራ ጎሪላዎች ቁጥር ከ1000 በላይ ሆኗል፣ በ2018ም ከከፋው የአደጋ ደረጃ አንድ እርከን ወርደዋል። ይህ ግን ለሌሎቹ አይሠራም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት የምዕራብ ጎሪላዎች ሰፊ ጫካ ውስጥ ተበትነዋል፣ ለእያንዳንዱ ሐኪም ማሰማራት ዘበት ነው።

አሁን በሰው እጅ ወዳሉት። የተሻለ ጤና አላቸው ወይ ላልሽው፣ የተለየ ጤና ነው ያላቸው። ወጥመድና ኢቦላ የለባቸውም። በምትኩ ልባቸው ይታመማል። በመካነ እንስሳት ያሉ ትልልቅ ወንድ ጎሪላዎችን በዋነኛነት የሚገድለው የልብ በሽታ ነው። እንደ ሰው የደም ሥር መደፈን ሳይሆን የልብ ጡንቻው ጠባሳ እያበጀ ይደርቃል። ለምን እንደሆነ ገና እየተጠና ነው፣ አመጋገብ ግን ከተጠርጣሪዎቹ ግንባር ቀደሙ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚመገቡት በፋብሪካ የተዘጋጀ፣ ስታርችና ስኳር የበዛበት ብስኩት ነበር። አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ ሁለት ወንድ ጎሪላዎች ብስኩቱን ትተው ቀኑን ሙሉ ቅጠላ ቅጠል እንዲበሉ ተደረገ። እያንዳንዳቸው 30 ኪሎ ገደማ ቀነሱ። የሚገርመው፣ የሚበሉት ካሎሪ ጨምሮ ነው የቀነሱት።

የልብ ምርመራው ራሱ ደስ ይላል። ድሮ ጎሪላ ለልብ አልትራሳውንድ ይደነዝዝ ነበር፣ ማደንዘዣው ደግሞ ለታመመ ልብ አደገኛ ነው። አሁን ለወራት ይሠለጥናል። ጎሪላው መጥቶ ደረቱን ከሽቦው ጋር ያጣብቃል፣ ክንዱን ከፍ ያደርጋል። ተንከባካቢው በአንድ እጁ ፍሬ እያቀበለ ሐኪሙ በቀዳዳው መሣሪያውን ያስገባል። ጎሪላው ከሰለቸው ይሄዳል፣ ማንም አያስገድደውም። ከዚህ የተሻለ ታካሚ አላየሁም።

የሰው ቫይረስ ግን እዚያም አይቀርላቸውም። በጥር 2021 ሳን ዲዬጎ ውስጥ ጎሪላዎች ማሳል ጀመሩ፣ ሰገራቸው ሲመረመር ኮቪድ ሆነ። የተጠረጠረው ምልክት ያልታየበት ተንከባካቢ ነው፣ ያውም ማስክ እያደረገ። አዛውንቱ መሪ ጎሪላ የሳንባ ምችና የልብ ችግር ስለነበረበት አንቲቦዲ ተሰጥቶት አገገመ። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ያሉ ኦራንጉታኖችና ቦኖቦዎች ለእንስሳት የተዘጋጀ የኮቪድ ክትባት ወሰዱ። አየሽ፣ እነዚህን መክተብ ይቻላል። ክንዳቸውን ለመርፌ መስጠት ይማራሉ።

ኦራንጉታን የራሱ ጣጣ አለው። ጉሮሮው ሥር ትልቅ የአየር ከረጢት አለ። ጉንፋን ሲይዘው ንፍጡ እዚያ ይጠራቀምና መግል ይሆናል፣ አንዳንዴ በቀዶ ሕክምና ይጸዳል። የቲቢ የቆዳ ምርመራም ያታልላል። ጤነኛ ኦራንጉታን በአፈር ውስጥ ካሉ ሌሎች ማይኮባክቴሪያዎች (የቲቢ ባክቴሪያ ዘመዶች) የተነሳ «ቲቢ አለበት» ሊያሰኝ ይችላል። በቆዳ ምርመራ ብቻ ወስነሽ መድኃኒት እንዳትጀምሪ።

ከዱር የተነጠቁ ልጆች የሚያድጉባቸው መጠለያዎች ደግሞ በመካከል ናቸው። ሴራሊዮን ታኩጋማ መጠለያ ውስጥ ከ2005 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 56 ቺምፓንዚዎች በማይታወቅ በሽታ ሞቱ። ሆዳቸው ይነፋል፣ ይንገዳገዳሉ፣ በድንገት ይሞታሉ። በ2021 ሳርሲና የተባለ ባክቴሪያ አዲስ ዓይነት ከበሽታው ጋር ተያያዘ። ይህን ያህል ዓመት መፍጀቱ አይግረምሽ፣ ላቦራቶሪ ሩቅ ሲሆን እንዲህ ነው። ወደ ጫካ መመለስ ሲታሰብም መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ከሰው ምን ይዘዋል የሚለው ነው። በመጠለያ ባሉ ቺምፓንዚዎች ላይ መድኃኒት የለመደ ስታፊሎኮከስ የተባለ የሰው ባክቴሪያ ተገኝቷል። እሱን ይዞ ጫካ የሚለቀቅ ቺምፓንዚ ለዱሮቹ ስጦታ አይደለም። ስለዚህ መመርመር፣ ለይቶ ማቆየት፣ አንዳንዱንም ጨርሶ አለመልቀቅ የግድ ይሆናል። ተንከባካቢዎች ይህን ውሳኔ ይጠሉታል፣ እኔም አልወደውም፣ ግን እፈርማለሁ።

ከየት ልጀምር ላልሽው፦ ጎሪላ ለማየት አትቸኩይ። ጥገኛ ተህዋስያንን በማይክሮስኮፕ መለየት ተማሪ፣ ስታቲስቲክስ አትጥዪ፣ ከሰው ጤና ባለሙያዎች ጋር መሥራትን ልመጂ። ስለ ናሙና ፈቃድም አንብቢ። ደምና ሥጋ ድንበር ለማሻገር የሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ፈቃድ ይጠይቃል። እንስሳው ሳይነካ የተሰበሰበ ሰገራና ሽንት ከስምምነቱ ውጭ ነው፣ የአገሩን የምርምርና የጤና ፈቃድ ግን አያስቀርም። ብዙ ጥሩ ጥናት ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀረው በዚህ ወረቀት ነው። ለማንኛውም የጫካ ጣቢያ ስታመለክቺ ከትምህርት ማስረጃሽ እኩል የሚጠይቁሽ የክትባት ካርድሽንና የቲቢ ምርመራ ውጤትሽን ነው። ኩፍኝ፣ ፖሊዮ፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮቪድ የተሟሉ ይሁኑ። የጎደለሽ ካለ ዘንድሮውኑ ጨርሺው፣ አንዳንዱ ሁለተኛ ዙር ወራት ያስጠብቃል።